«ይሰማል» ሲላላና ሲጠብቅ፦ የስልክ መተግበሪያ መሐንዲሱ ድርሻ በድምፅ ቴክኖሎጂ

«ይሰማል» የሚለው ግሥ ሲጻፍ አንድ፣ ሲነገር ግን ሁለት ነው። ሲላላ የሚያዳምጠውን፣ ሲጠብቅ የሚደመጠውን ያመለክታል። የአማርኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ አንባቢ ልዩነቱን ከዐውዱ ይረዳል። በድምፅ ቴክኖሎጂ ላይ የሚደረገው ጥናት በአመዛኙ የሚጠይቀው በላላው «ይሰማል» ነው፦ ማሽኑ ምን ያህል ይሰማል? ከመቶ ቃላት ስንቱን ይስታል? የጠበቀው «ይሰማል» የሚያነሣው ጥያቄ፣ ማለትም ተናጋሪው በመጨረሻ ተሰምቷል ወይ የሚለው፣ ብዙ ጊዜ ወደ ጎን ይተዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አንድ ነው። የድምፅ አገልግሎት ሊመዘን የሚገባው ማሽኑ ሲረዳ በሚያደርገው ብቻ ሳይሆን ሳይረዳ ሲቀር በሚያደርገውም ጭምር ነው። ያንን የሚወስነው ደግሞ ሞዴሉን ያሠለጠነው ተመራማሪ ሳይሆን፣ በጀማሪ ኩባንያው ውስጥ የስልክ መተግበሪያውን የሚሠራው መሐንዲስ ነው። ስለዚህ የመሐንዲሱ ሥራ የምርምር ተከታይ ወይም ማስዋቢያ ተደርጎ መታየቱ ሊቆም ይገባል።

መፈተኛው ቦታ

ሐሳቡን በተጨባጭ ለማየት ሽንፋን መውሰድ ይበቃል። ሽንፋ በምዕራብ ጎንደር ዞን፣ በመተማ ቆላ፣ ሱዳን ሲደርስ ራሃድ በሚባለው ወንዝ አካባቢ የምትገኝ ከተማ ናት። አካባቢው የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። ሰሊጥ ደግሞ ጊዜ የሚሰጥ ሰብል አይደለም። ሲደርስ ቅርፊቱ ስለሚከፈት አጨዳው ጥቂት ቀናት ከዘገየ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ታጭዶ በሂላ ቆሞ በሚደርቅበት ወቅት ዝናብ ካገኘው ደግሞ ጥራቱ ይወርዳል። በእነዚያ ሳምንታት ስለ አየር ጠባይ፣ ስለ ዋጋና ስለ ተባይ የሚቀርብ ጥያቄ የዓመት ልፋት የተንጠለጠለበት ጥያቄ ነው።

ጠያቂው ማን ነው? የማሳው ባለቤት ሊሆን ይችላል፤ ለአጨዳ ከጎጃም፣ ከወሎ ወይም ከጎንደር ደጋ የወረደ የጉልበት ሠራተኛም ሊሆን ይችላል። በአንድ ማሳ ላይ የተለያዩ የአማርኛ ዘዬዎች ይደመጣሉ። በመተማና በቋራ አፉን በጉሙዝ ቋንቋ ፈትቶ አማርኛን ለገበያ የሚናገር ሰው አለ፤ የድንበሩ ንግድም ዐረብኛን አምጥቷል። ማንበብ የማይችለው ብዙ ነው፤ ማንበብ የሚችለውም ቢሆን ማጭድ ይዞ መተየብ አይመቸውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ድምፅ ተጨማሪ ምቾት ሳይሆን ብቸኛው በር ነው።

በሩን ለመክፈት የተደረገው ሙከራ ከንግግር መለያ ማሽን ይቀድማል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር በ2006 ዓ.ም. የጀመረው የ8028 የነጻ ስልክ መስመር አርሶ አደሩ ቁጥር እየተጫነ የተቀዳ የግብርና ምክር በቋንቋው እንዲያዳምጥ አስችሏል። መስመሩ የደዋዩን ንግግር አይለይም፤ ስለዚህም ንግግሩን ሊያዛባ አይችልም። አሁን ያሉት ጀማሪ ኩባንያዎች የሚያስቡት ግን ከዚህ አንድ እርምጃ ያለፈ ነው፦ አርሶ አደሩ በራሱ ቃል ይጠይቅ፣ ማሽኑም ተረድቶ ይመልስ። ከዚህ እርምጃ ጋር አዲስ አደጋ ይመጣል፤ ማሽን የሰማ መስሎት ሊሳሳት ይችላል።

ማሽኑ የማንን ድምፅ ተማረ?

ለአማርኛ ንግግር መለየት ጥናት መሠረት የሆነው የድምፅ ክምችት ሰሎሞን ተፈራ አባተ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት ነው። ክምችቱ 20 ሰዓት ያህል የተነበበ ንግግር የያዘ ሲሆን፣ ለማሠልጠኛ ከተቀዱት 100 አንባቢዎች 80ዎቹ የአዲስ አበባ ዘዬ፣ 20ዎቹ የሌሎች አራት ዘዬዎች ተናጋሪዎች ነበሩ። በዘመኑ አቅም ይህ ትልቅ ሥራ ነበር፤ ዛሬም ተመራማሪዎች የሚመለሱበት ምንጭ ነው። ይሁን እንጂ ከጋዜጣ ጽሑፍ እያነበበ የተቀዳ ሰው ድምፅና ነፋስ ባለበት ማሳ ላይ ደክሞት የሚናገር ሰው ድምፅ የተለያዩ ናቸው።

ግዙፎቹ ዓለም አቀፍ ሞዴሎችም ክፍተቱን በራሳቸው አልዘጉትም። ጉግል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 አማርኛን በድምፅ መፈለጊያው ውስጥ አስገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኦፕንኤአይ «ዊስፐር» በ680,000 ሰዓት ድምፅ ቢሠለጥንም፣ በአማርኛ ላይ የተመዘገበው የቃል ስሕተት መጠን ከመቶ በመቶ በላይ ነበር። ከመቶ ሊያልፍ የሚችለው ማሽኑ ያልተነገሩ ቃላትንም ስለሚጨምር ነው፤ ዝም ከማለት ይልቅ ፈጥሮ ይናገራል ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ሜታ ከ1,100 በላይ ቋንቋዎችን የሚሸፍን ሥርዓት ሲያወጣ ዋናው የማሠልጠኛ ምንጩ የአዲስ ኪዳን ንባብ ነበር። እዚያም የሚሰማው ረጋ ብሎ የሚያነብ ሰው ነው።

ሞዴሎቹ ከዓመት ዓመት እየተሻሻሉ መሄዳቸው አያጠራጥርም። የሚቀረው ስሕተት ግን በሁሉም ተናጋሪ ላይ እኩል አይከፋፈልም። በአማካይ ከመቶ ቃላት አሥሩን የሚስት ማሽን ለአዲስ አበባ ተናጋሪ አምስቱን፣ ለሽንፋ ሠራተኛ ሠላሳውን ሊስት ይችላል፤ አማካዩ ይህን ይሸፍነዋል። ልዩነቱ የሚወድቀውም አገልግሎቱ እጅግ በሚያስፈልገው ሰው ላይ ነው።

የመሐንዲሱ ሦስት ውሳኔዎች

የሥራ ማስታወቂያዎች የሞባይል መተግበሪያ መሐንዲስን የሚፈልጉት ኮትሊን ወይም ፍላተር በማወቁ ነው። በድምፅ ኩባንያ ውስጥ ግን የሥራው እምብርት ሦስት ውሳኔዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ውሳኔ ድምፁ እንዴት ይጓዛል የሚለው ነው። በሴኮንድ 16,000 ናሙና፣ በ16 ቢት ሳይታመቅ የተቀዳ የአንድ ደቂቃ ንግግር 1.9 ሜጋባይት ያህል ይመዝናል። ያው ንግግር በኦፐስ ኮዴክ በሴኮንድ 16 ኪሎቢት ሲታመቅ 120 ኪሎባይት ይሆናል። ደካማ መስመር ላይ ላለ ስልክ ይህ ልዩነት በመልስና በዝምታ መካከል ያለ ልዩነት ነው። መስመሩ ጭራሽ ሲጠፋስ? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወቃል። ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት መተግበሪያ በእንዲህ ያለ ጊዜ ከነጭራሹ የለም። ጥያቄውን ስልኩ ላይ አስቀምጦ መስመር ሲመጣ የሚልክ፣ ወቅታዊ ምክሮችንም አስቀድሞ አውርዶ የሚይዝ መተግበሪያ ግን ቢያንስ በከፊል ይሠራል። በሌላ በኩል ወደ መደበኛ ጥሪ መመለስም የራሱ ዋጋ አለው። የተለመደው የስልክ ጥሪ የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ሲሆን፣ «ሰ»ን ከ«ፈ» የሚለየው የድምፅ ኃይል በአብዛኛው ከዚያ በላይ ነው። የትኛው መንገድ መቼ ይመረጥ የሚለው ጥያቄ የሚፈታው በመሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሁለተኛውና ዋነኛው ውሳኔ ማሽኑ እርግጠኛ ባልሆነ ጊዜ ምን ይደረግ የሚለው ነው። «ሠላሳ» እና «ስልሳ» አንድ ዓይነት ተነባቢዎች አሏቸው፤ የሚለያዩት በአናባቢ ብቻ ነው። አንድ አርሶ አደር ለመርጫ ውኃው ሠላሳ ሚሊ ሊትር ፀረ ተባይ በቂ መሆኑን ጠየቀ፣ ማሽኑም ስልሳ ብሎ ሰማ እንበል። መተግበሪያው ዝም ብሎ መልስ ከሰጠ መልሱ ላልተጠየቀ ጥያቄ የተሰጠ ይሆናል፤ ጠያቂውም ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። «ስልሳ ብለዋል? ልክ ከሆነ አንድን ይጫኑ» ብሎ የሚመልስ መተግበሪያ ግን የሞዴሉን ስሕተት ሳያርም ጉዳቱን ይከላከላል። የሕክምና ጥያቄ ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው ይከብዳል። የመተማ ቆላ ወባም ካላዛርም ያለበት አካባቢ ነው፤ ካላዛር ካልታከመ በአብዛኛው ለሞት ያበቃል፤ ትኩሳቱም በቀላሉ ከወባ ጋር ይምታታል። ለሁለት ሳምንት የዘለቀ ትኩሳት እንዳለበት የሚናገር ሠራተኛ «ሁለት ሳምንት» የሚለው ቃሉ ከተሳተ፣ ትክክለኛው ምላሽ ግምት ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ መምራት ነው።

ከሕንድ የተገኘ ልምድ ይህን ያጠናክራል። በጉጃራት ገጠር ኒል ፓቴልና ባልደረቦቹ ንግግርን የሚለይ መስመርና ቁጥር የሚያስጭን መስመር አወዳድረው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ተጠቃሚዎቹ ሥራቸውን በተሻለ የፈጸሙት ቁጥር በመጫን ነበር። በዚያው አካባቢ የተሠራውና በ51 አርሶ አደሮች ለሰባት ወራት የተሞከረው «አቫጅ ኦታሎ» የተባለው የድምፅ መድረክም ማሽኑ ንግግርን እንዲረዳ አልጠየቀም፤ የሰዎችን ጥያቄና መልስ እየቀዳ አገናኘ። ከዚያ ሥራ በኋላ ኩባንያ ተወለደ። ትምህርቱ ንግግር መለየት አያስፈልግም የሚል አይደለም። ማሽኑ ሲደክም የሚያዝበት ምርኩዝ አስቀድሞ ሊዘጋጅለት ይገባል የሚል ነው።

ሦስተኛው ውሳኔ ፈቃድን ይመለከታል። ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ መተግበሪያ ማይክሮፎን ለመጠቀም ባለቤቱን መጠየቅ አለበት። ጥያቄው የሚመጣው ግን በጽሑፍ ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው የተሠራ አገልግሎት የመጀመሪያ ፈቃዱን በማይነበብ ሣጥን መጠየቁ ግልጽ ተቃርኖ ነው። መሐንዲሱ ከሣጥኑ በፊት ድምፁ ለምን እንደሚቀዳ፣ ወዴት እንደሚሄድና እንዴት እንደሚሰረዝ በአጭር ንግግር ማስረዳት ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በድንበርና በግጭት አካባቢ ለሚኖር ሰው ድምፁ ማንነቱን የሚናገር መረጃ ነው፤ «ሞዴሉን ለማሻሻል» በሚል ሰበብ ያለ ዕውቅናው ሊከማች አይገባም።

ሁለት ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ ጊዜ ይፈታዋል የሚል ነው፦ ሞዴሎች ሲሻሻሉ ማረጋገጫው አላስፈላጊ ይሆናል። ነገር ግን ስሕተት ሲያንስ ተጠቃሚው ማሽኑን ይበልጥ ያምናል፤ የቀረችው ስሕተትም ሳትጠረጠር ታልፋለች። ስለዚህ የማረጋገጫው አስፈላጊነት ከስሕተቱ ጋር እኩል አይቀንስም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፦ ጀማሪ ኩባንያ ባለሀብት የሚያሳምነው በሚያስደንቅ ማሳያ እንጂ በ«አልገባኝም» አይደለም። ይህ እውነት አለው፤ መሐንዲሱም ደመወዝተኛ እንደመሆኑ ብቻውን ሊጋፈጠው አይችልም። ሆኖም ቁጥርን መልሶ ማንበብ፣ ድምፅን ማመቅና ጥያቄን ወረፋ ማስያዝ ውድ ሥራዎች አይደሉም። ውድ የሚሆነው አንድ ጊዜ የተሳሳተ ምክር ሰምቶ ሰብሉን ያጣ አርሶ አደር ለመንደሩ የሚያወራው ወሬ ነው። እንዲህ ያለው ወሬ ከመንደር ወደ መንደር ሲደርስ መተግበሪያውን ዳግመኛ የሚከፍት አይገኝም።

ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍሎች

ከዚህ የሚወጣው ምክር ለዩኒቨርሲቲዎችም ነው። በንግግር መለየት ላይ የሚቀርብ የማስተርስ ጥናት ብዙውን ጊዜ የሚደመደመው በአንድ የስሕተት መጠን ነው፤ ቁጥሩ ከቀደመው ካነሰ ጥናቱ ተሳክቷል ይባላል። መተግበሪያው ሲሳሳት ተጠቃሚው ምን እንደደረሰበት የሚመረምር ጥናት ግን «የፕሮግራም ሥራ እንጂ ምርምር አይደለም» የሚል አስተያየት ሊገጥመው ይችላል። ይህ ሚዛን መስተካከል አለበት። ሦስት ነገሮች ወዲያውኑ ሊጀመሩ ይችላሉ። የስሕተት መጠን በዘዬ፣ በጾታና በመቅጃ ሁኔታ ተከፍሎ ይቅረብ። የመመረቂያ ጥናት ማሽኑ ሳይረዳ ሲቀር የሚከተለውን ሂደት እንዲገልጽ ይጠየቅ። ለመስኩ ቅርብ የሆኑ እንደ ጎንደር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችም የኮምፒውተር ሳይንስ፣ የግብርናና የጤና ተማሪዎቻቸውን በአንድ የመስክ ሥራ ያገናኙ። መተግበሪያው ጸጥ ባለ ቤተ ሙከራ ብቻ ሳይሆን ሰሊጥ በሚታጨድበት ሰሞን፣ በርካሽ ስልክና በደካማ መስመር ይፈተን።

ማሽኑ ይሰማል የሚባልበት ቀን ሩቅ ላይሆን ይችላል። በሽንፋ ማሳ ላይ ያለው ሠራተኛ ይሰማል ለማለት ግን፣ ማሽኑ ባልሰማ ጊዜ «አልሰማሁም፤ ይድገሙልኝ» የሚል መተግበሪያ ያስፈልጋል። ያንን ዐረፍተ ነገር የሚጽፈው መሐንዲስ ሥራ ምርምር ተብሎ ሊቆጠር ይገባል።