በአዳዲስ የመኖሪያ መንደሮች ለውሾች የሚከለል ስፍራ፡ ቅንጦት ወይስ የጤና ጉዳይ?

በአዲስ አበባ ከተማ በ1996 ዓ.ም የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ልማት ፕሮግራም በርካታ ነዋሪዎችን በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በቦሌ አራብሳ አስፍሯል። ይህ የአኗኗር ለውጥ በሰው ላይ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። ቀደም ሲል በግቢ አጥር ውስጥ ቤት ይጠብቅ የነበረው ውሻም ደረጃው፣ መተላለፊያውና ሜዳው የጋራ በሆነበት መንደር መኖር ጀምሯል።

"ውሻ በበላበት ይጮሃል" እንዲሉ፣ ውሻ ምግብ ካገኘበት አይርቅም። በጋራ መኖሪያ መንደር ግን ፍርፋሪ የሚጥልለት ብዙ ሆኖ ሳለ የሚያስከትበው ማን እንደሆነ አይታወቅም። የችግሩ ምንጭም ይኸው የባለቤትነት መደብዘዝ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው፣ የእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎችን ለሞት ይዳርጋል። በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት በውሻ አማካይነት የሚከሰቱ ሲሆኑ፣ ከተጎጂዎቹ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ሕጻናት ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ፈውስ የለውም ለማለት ይቻላል። በአንጻሩ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶውን በመከተብ ስርጭቱን መግታት እንደሚቻል ተረጋግጧል። በውሻ የሚተላለፈውን በሽታ ሞት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት የተያዘው ዓለም አቀፍ ግብም የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው።

ለመከተብ ግን ውሻውንም ባለቤቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። ውሾች ያለ ማሰሪያ የሚንቀሳቀሱበት የታጠረ ስፍራ ጠቀሜታ የሚጎላውም እዚህ ላይ ነው። ወደ ስፍራው የሚገቡት የተመዘገቡና የተከተቡ ውሾች ብቻ እንዲሆኑ ከተደረገ፣ አጥሩ ባለቤቶች ውሾቻቸውን እንዲያስመዘግቡ ማበረታቻ ይሆናል።

አሠራሩ በሌሎች አገሮች የቆየ ነው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የበርክሌይ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1979 ለውሾች የተለየ ፓርክ ከከፈቱ ቀዳሚዎች አንዷ ናት። አብዛኛው ሕዝብ በመንግሥት በተገነቡ ፎቆች በሚኖርባት ሲንጋፖርም በቤት ሊያዝ የሚችለው የውሻ ብዛትና ዝርያ በደንብ ከመወሰኑ ባሻገር፣ በሕዝብ መናፈሻዎች ውስጥ የታጠሩ የውሻ መሮጫዎች ተዘጋጅተዋል። ደንቡና ስፍራው ተደጋጋፊ መሆናቸውን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአንጻሩ ሕጻናት በቂ መጫወቻ ባላገኙበት ሁኔታ ለውሻ መሬት መመደብ አግባብ አይደለም የሚል ሙግት ሊነሳ ይችላል። ሙግቱ ክብደት ያለው ቢሆንም፣ ለውሻ ስፍራ ባልተለየበት መንደር ውሻው የሚውለው እዚያው ሕጻናቱ ኳስ በሚጫወቱበት ሜዳ ላይ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ስፍራውን መከለል በዋናነት የሚጠቅመው ሕጻናቱን ነው።

ለዚህ የሚሆን መነሻ በከተማዋ የፕላን ሰነድ ውስጥ አለ። በ2009 ዓ.ም የጸደቀው መዋቅራዊ ፕላን 30 በመቶ የሚሆነውን መሬት ለአረንጓዴና ክፍት ቦታዎች መድቧል። የሚፈለገው ከዚህ ድርሻ ላይ በመንደር ደረጃ አነስተኛ ቦታ መለየት ሲሆን፣ ይህም ሕንፃዎቹ ከመቆማቸው በፊት ቢሆን ወጪው አነስተኛ ነው። ነዋሪው ከገባ በኋላ ግን ክፍት ሆኖ የሚገኘው ቦታ ለመኪና ማቆሚያና ለሌሎች አገልግሎቶች ሻሚው ይበዛል።

በንድፍ ረገድ ውሻ እንዳያመልጥ ተከታታይ ሁለት በሮች፣ ለትልልቅና ለትንንሽ ውሾች የተለያየ ክፍል፣ ጥላ፣ ውሃ፣ የዝናብ ፍሳሽ መውረጃና የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ያስፈልጋሉ። ስፍራው ከሕጻናት መጫወቻ፣ በተለይም ከጋራ የእርድ ቤት መራቅ ይኖርበታል። ጥሬ የሆድ ዕቃ የሚበላ ውሻ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ የሚያስከትል ጥገኛ ትል ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ የእርድ ተረፈ ምርት አወጋገድ የዚሁ ዕቅድ አካል መሆን አለበት።

ይሁንና አጥር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ምዝገባና ክትባት ሳይቀድሙ የሚከፈት ስፍራ ያልተከተቡ ውሾችን በአንድ ቦታ ማሰባሰብ ይሆናል። ስለሆነም የከተማ ፕላን፣ የእንስሳት ጤናና የወረዳ አስተዳደር ባለሙያዎች ሥራውን ከንድፍ ደረጃ ጀምሮ በቅንጅት ሊመሩት ይገባል። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤቶች ማኅበራትም የውሻ አያያዝን በመተዳደሪያ ደንባቸው ውስጥ በማካተት የድርሻቸውን ሊወጡ ይገባል።