«ታርጋዬ የውጭ ነው» ማለት ከሐቅ አያስመልጥም



ባለፈው ረመዷን አንድ ወንድማችን የመጨረሻዎቹን ሌሊቶች ከእኛ ጋር ለማሳለፍ ከጀርመን እስከ ለንደን መኪናውን እየነዳ መጣ። መኪናው እ.ኤ.አ. በ2009 የተሠራ ናፍጣ ነው። ዕድሜው ቢገፋም በደንብ ተይዟል፣ ማሻአላህ። የፊት መስታወቱ ላይ 4 ቁጥር የተጻፈበት አረንጓዴ ስቲከር አለ።

የመጣ ዕለት «ይህ ስቲከር እዚህ አይሠራም፣ በየቀኑ መክፈል አለብህ» አልኩት። ሳቀብኝ። «በርሊን መሃል የሚያስገባኝ መኪና ለንደን ምን ሊለኝ ነው? ደግሞ ታርጋዬ የጀርመን ነው፣ የት ያገኙኛል?» አለኝ። እንግዳ ነው ብዬ፣ ፊቱንም አይቼ ዝም አልኩ። አምስቱንም ሌሊት መስጂድ እየነዳ ሄደ፣ እየነዳ ተመለሰ።

ከሁለት ወር በኋላ ደወለልኝ። ቤቱ የቅጣት ደብዳቤ ደርሶታል። ጥያቄው አንድ ነበር፦ «ቀድጄ ብጥለው ምን ይመጣብኛል?»

ይህንን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚች ጥያቄ ነው። ምክንያቱም እሱ ብቻ አይደለም የሚጠይቃት። አውሮፓ ውስጥ በአሮጌ መኪና ከአገር አገር የሚዞሩ ብዙ ልጆቻችን ይህችኑ ጥያቄ እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ «ጣለው ባክህ» ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው።

ለንደን ውስጥ ዩሌዝ የሚባለው ደንብ በኤፕሪል 2019 መሃል ከተማው ላይ ተጀመረ። በ2021 ሰፋ። ከኦገስት 29 ቀን 2023 ወዲህ ደግሞ የለንደንን ክፍለ ከተሞች በሙሉ ይይዛል። ደረጃውን የማያሟላ የቤት መኪና በቀን 12 ፓውንድ ከ50 ፔንስ ይከፍላል። ኬላ የለውም፣ የሚያስቆምህ ፖሊስም የለም። ካሜራ ታርጋህን ያነባል፣ አለቀ። ቀኑ የሚቆጠረው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስከ ቀጣዩ ሌሊት ስድስት ሰዓት ነው። ስለዚህ ማታ ለቂያም ወጥቶ ከሱብሒ በኋላ ቤቱ የሚገባ ሰው፣ በእሱ ቤት አንድ ሌሊት ነው የነዳው፤ በካሜራው ቤት ግን ሁለት ቀን ነው። ወንድማችን አምስት ሌሊት ነድቶ የስድስት ቀን ዕዳ ያዘ፤ 75 ፓውንድ ማለት ነው። ሳይከፍል ሲቀር ግን ቅጣቱ ለእያንዳንዱ ቀን 180 ፓውንድ ነው። ስድስቱ ቀን 1,080 ፓውንድ ሆነ። በ14 ቀን ውስጥ ከተከፈለ ግማሹ ይቀነሳል።

«ታዲያ አረንጓዴው ስቲከር ምን ሠራ?» ትሉ ይሆናል። ሁለቱ ከተሞች የሚለኩት አንድ ነገር አይደለም። የጀርመን ስቲከር ከ2008 ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው በዋናነት ጥቀርሻውን፣ ሳንባ ውስጥ የሚገባውን ደቃቅ ብናኝ ለመቀነስ ነው። ለንደን ደግሞ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ አጥብቃ ትይዛለች። ዩሮ 4 የሚባለው ደረጃ ለናፍጣ መኪና በኪሎ ሜትር 250 ሚሊግራም ይፈቅድ ነበር፤ ዩሮ 6 ይህንን ወደ 80 አወረደው። ለቤንዚን መኪና ግን ያው 80 ሚሊግራም ገና በዩሮ 4 ጊዜ ተደንግጎ ነበር። ለዚህ ነው ለንደን የ2006 ቤንዚን መኪና በነጻ አሳልፋ የ2013 ናፍጣ መኪና የምታስከፍለው። ላይ ላዩን ሲያዩት ግራ ያጋባል፤ ቁጥሩን ሲያዩት ግን ሚዛኑ አንድ ነው። ፈረንሳይ ደግሞ ክሪቴር የሚባል የራሷ ስቲከር አላት፤ የጀርመኑ እዚያም አይተካውም።

አሁን ወደ ቅሬታው ልምጣ። ቅሬታ አለ፣ እውነተኛም ነው።

እንግሊዝ በ2001 የመኪና ግብርን በካርቦን መጠን ስታደርግ ናፍጣ የሚነዳው ሰው ተጠቀመ። ሕዝቡም ናፍጣ ገዛ። መንግሥት ራሱ ወደ ናፍጣ ገፍቶት ሲያበቃ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ «ናፍጣህ ቆሻሻ ነው፣ ክፈል» አለው። በ2015 ደግሞ ቮልስዋገን 11 ሚሊዮን ያህል ናፍጣ መኪኖቹ ላይ ማጭበርበሪያ ሶፍትዌር መጫኑ ተጋለጠ፤ ሶፍትዌሩ መኪናው ሲፈተሽ ጋዙን ይቀንሳል፣ መንገድ ሲወጣ ይለቀዋል። ፋብሪካው ሲያታልል ሒሳቡ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ያገለገለ መኪና በገዛው ሰው ትከሻ ላይ ነው።

ሌላም አለ። ከ40 ዓመት በላይ የሆነው እንደ ቅርስ የተመዘገበ መኪና ለንደን ውስጥ ዩሌዝ አይከፍልም። እሑድ እሑድ ለመዝናናት ከጋራዥ የሚወጣው የሀብታም አሮጌ መኪና በነጻ ያልፋል፤ ሌሊት ምግብ የሚያደርሰው ስደተኛ የ2012 ናፍጣ ግን ይከፍላል። ለንደን አሮጌ መኪናውን ለሚያስወግድ ነዋሪ እስከ 2,000 ፓውንድ ትሰጥ ነበር፤ ከከተማዋ ወሰን ትንሽ ወጣ ብሎ የሚኖረው ግን እየከፈለ ሲገባ ከድጎማው አልደረሰውም። ይህንን ሁሉ የሚናገር ሰው ከሃሜተኛ አይቆጠርም። ሐቅ ነው የተናገረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ደንቡን እስከ ከተማው ዳርቻ ያሰፋው ከንቲባ ሳዲቅ ኻን ሙስሊም ነው። ሙስሊም ስለሆነ ብቻ ደንቡን መደገፍ የለብንም። በእምነቱ ምክንያት የሚሰድቡት ሰዎች ደንቡንም ስለሚቃወሙ ብቻ እኛ ለደንቡ ጠበቃ መሆንም የለብንም። ነገሩ በራሱ ይመዘን።

በራሱ ሲመዘን ሚዛኑ ላይ አንዲት ልጅ አለች።

ኤላ አዱ ኪሲ ደብራ ትባላለች። ቤተሰቦቿ ከጋና የመጡ ናቸው። ቤታቸው በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ሳውዝ ሰርኩላር ከሚባለው መኪና የማይቋረጥበት መንገድ 25 ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። ኤላ በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ 30 ጊዜ ገደማ ሆስፒታል ገባች። ፌብሩዋሪ 2013 ላይ በአስም ሞተች፤ 9 ዓመቷ ነበር። እናቷ ዝም አላለችም፤ ዓመታት ተሟገተች። ዲሴምበር 2020 ላይ የሞትን መንስኤ የሚመረምረው ዳኛ የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋፅኦ አድርጓል ብሎ ወሰነ። በእንግሊዝ የአየር ብክለት በአንድ ሰው የሞት መንስኤ ውስጥ ሲጻፍ ያ የመጀመሪያው ነበር።

አስተውሉ፤ ኤላ የሀብታም ልጅ አልነበረችም። ጭስ በሚበዛበት አውራ ጎዳና ዳር የሚኖረው ማን ነው? ኪራይ የሚረክስበት ቦታ የሚፈልገው ነው። ስደተኛው ነው። እኛው ነን። ደንቡ የሚከብደው ድሃው ላይ እንደሆነ ሁሉ፣ ጭሱም የሚከብደው ድሃው ላይ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፦ ነጂው ክፍያውን በሌላ መኪና ወይም በባቡር ሊያመልጠው ይችላል፤ ሕፃኗ ግን ሌላ አየር የላትም።

ስለዚህ ለወንድሜ የመለስኩለት ይህንን ነው፦ «አትቅደደው። በጊዜው ግማሹን ክፈል።»

«መንግሥታቸው ይህን ብር አያጣውም» አለኝ። እውነት ነው፣ አያጣውም። ነገር ግን ሐቁ የመንግሥት ብቻ አይደለም። ለአምስት ሌሊት በዚያ መንገድ ዳር የተኙ ሰዎች አሉ። ስማቸውን አናውቅም፣ ሄደን ይቅርታ ልንጠይቃቸውም አንችልም። የሰው ሐቅ ደግሞ ካሜራ ስላላየው ወይም ደብዳቤው ድንበር ስላልተሻገረ አይሰረዝም። የአገሩን ደንብ አክብረን እንኖራለን ብለን ነው ቪዛ ይዘን የገባነው፤ ይህ አማና ነው። ታርጋ በጭቃ መሸፈን፣ የሌላ ሰው ታርጋ መለጠፍ ደግሞ ከብልጠት አይቆጠርም፤ ወንጀል ነው። ቮልስዋገን በሶፍትዌር ያደረገውን በጭቃ መድገም ነው።

ለከተማ አስተዳዳሪዎችም የሚባል ነገር አለ። ድሃውን ከማስከፈል በፊት መለወጫውን ይስጡት። ከበር ላይ ያባረሩት መኪናም የት እንደሚሄድ ይጠይቁ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2020 ባወጣው ሪፖርት ከ2015 እስከ 2018 ድረስ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ መኪኖች በዓለም ላይ ከአገር አገር ተሸጠዋል፤ ትልቁን ድርሻ የወሰደችው አፍሪካ ናት። ብዙዎቹ የተነሱት ደግሞ ከአውሮፓ ነው። ኢትዮጵያ በ2020 ዕድሜያቸው ከሰባት ዓመት በላይ በሆኑ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የኤክሳይዝ ታክስ የጣለችው፣ በ2024ም የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ያገደችው በባዶ ሜዳ አይደለም። ከአንዲት ሕፃን ሳንባ ተነስቶ ወደ ሌላዋ ሳንባ የሚላክ ጭስ ጠፋ አይባልም።

በአሮጌ መኪና ለምትጓዙ ወንድምና እህቶች፣ ከመነሳታችሁ በፊት እነዚህን አትርሱ፦

አንደኛ፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የመኪናው ሊብሬ ላይ «ቪ 9» የሚለውን ሳጥን እዩ፤ የመኪናችሁ የጭስ ደረጃ እዚያ ተጽፏል።

ሁለተኛ፣ የምታልፉበትን እያንዳንዱን ከተማ ለየብቻ አጣሩ። የአንዱ ፈቃድ ለሌላው አይሠራም። ደረጃውን የሚያሟላ መኪና እንኳ ታርጋው የእንግሊዝ ካልሆነ ለንደን ከመግባቱ በፊት መመዝገብ አለበት።

ሦስተኛ፣ ስቲከር ስታዙ ከመንግሥቱ ድረ ገጽ ብቻ እዘዙ። የፈረንሳዩ ጥቂት ዩሮ ነው፤ ደላሎች ግን እጥፍ ድርብ ያስከፍላሉ።

አራተኛ፣ ለንደን ውስጥ ከነዳችሁ በኋላ ለመክፈል እስከ ሦስተኛው ቀን እኩለ ሌሊት ጊዜ አላችሁ። ካልሆነም መኪናውን ከከተማ ውጭ አቁሙና በባቡር ግቡ።

ወንድማችን ከፈለ፣ አልሐምዱሊላህ። የሚቀጥለው ረመዷን ኢንሻአላህ በባቡር እመጣለሁ ብሎኛል። እኔም ከእሱ አንድ ነገር ተማርኩ፦ እንግዳ ነው ብሎ ዝም ማለት እንግዳን ማክበር አይደለም። እናንተም የምታውቁት ሰው «ታርጋዬ የውጭ ነው» ሲላችሁ እንደ እኔ ዝም አትበሉት።

አላህ የሰውን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። ወሰላሙ ዓለይኩም።