ደወሉ ምን ይላል?

በዕድሜ የገፉ አንዲት አክስት አሉን። ልጃቸው በዋሽንግተን አካባቢ ትኖራለችና ባለፈው ዓመት የልጅ ልጃቸውን ዓይን ለማየት ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ሊሻገሩ ተነሡ። ቪዛው ተመትቶ፣ ትኬቱ ተቆርጦ፣ በርበሬው ተፈጭቶ ካለቀ በኋላ፣ ለመነሻቸው ጥቂት ቀን ሲቀር፣ የሽብር ማስጠንቀቂያ ወጥቷል የሚል ዜና ከቴሌቪዥን ሰሙና ወደ ቤታችን መጡ። «አንተ የተማርህ ነህ፤ ይህ ሰውዬ ተጠንቀቁ ይላል። ከምኑ ልጠንቀቅ?» ሲሉ ጠየቁን። ዜናውን እኛም ሰምተነው ነበር፤ ዳሩ ግን ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ በውስጡ ብንፈልግ አላገኘንም። ሂዱም ቅሩም ለማለት የሚያበቃ አንድ ቃል አልነበረበትም።

በባላገር ያደገ ሁሉ የደወልን ነገር ያውቃል። ለቅዳሴ የሚደወለው፣ ሰው ሲሞት የሚደወለው፣ እሳት ሲነሣ የሚደወለው አንድ አይደለም። በልጅነታችን በድቁና ስናገለግል አስቀድመን ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበር፤ ደወሉን ያለ ቦታው የመታ ልጅ የሚቀበለውን ቅጣትም ጀርባችን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ያለ ምክንያት አልነበረም። ደወሉን የሰማ ሰው ወዲያው የሚሠራው ሥራ አለውና። አንዱ ነጠላውን አንሥቶ ይወጣል፤ ሌላው ውኃ ቀድቶ ወደ ጢሱ ይሮጣል። ድምፁ የሚያስደነግጥ ቢሆንም ሰውን ያለ ሥራ አያስቀረውም።

የሩቁን አገር ደወል በዚህ መዝነን ብናየው ብዙ እንማራለን። ቀኑን ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር እንጽፋለን። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ እኛ ዘመን መለወጫን በምናከብርበት ዕለት፣ በኒው ዮርክና በዋሽንግተን ላይ ያ ጥፋት ከደረሰ በኋላ፣ የአሜሪካ መንግሥት በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አምስት ቀለማት ያሉት የማስጠንቀቂያ ሥርዓት አወጣ። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ነበሩ። አረንጓዴው የሰላም፣ ቀዩ የከፍተኛ አደጋ ምልክት ነው። ሥርዓቱ ዘጠኝ ዓመት ሲሠራበት ለመላው አገር አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሆኖ አያውቅም። ቢጫ ይሆናል፤ ወደ ብርቱካናማ ይወጣል፤ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። ሕዝቡም ቢጫ ሲሆን ምን እንደሚሠራ፣ ብርቱካናማ ሲሆን ምን እንደሚጨምር አያውቅም። በየካቲት 1995 ዓ.ም. ቀለሙ ብርቱካናማ በሆነ ጊዜ ላስቲክና ማጣበቂያ ፕላስተር በቤታችሁ ይኑር የሚል ምክር ቢሰማ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ሱቆች እነዚህን ዕቃዎች እስኪጨርሱ ድረስ ሰዉ ተሻማ። ምስኪን ሕዝብ! ሥራ ስጡኝ እያለ ነበር፤ የተሰጠው ሥራ ይህ ሆነ።

ቀዩ ቀለም የታየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ነሐሴ 4 ቀን 1998 ዓ.ም. የእንግሊዝ ፖሊሶች፣ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ በሚያዝ ፈሳሽ ፈንጂ በአትላንቲክ ላይ የሚበሩ አውሮፕላኖችን ለመጣል የተዶለተውን አድማ በያዙ ጊዜ፣ ከብሪታንያ ወደ አሜሪካ ለሚበሩት አውሮፕላኖች ቀይ ተባለ። እውነቱን ለመናገር ይህኛው ደወል ቋንቋ ነበረው፤ ፈሳሽ ነገር በእጃችሁ ይዛችሁ አትግቡ አለ፤ ሰዉም ጠርሙሱን እየጣለ ገባ። ዛሬ በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ በ100 ሚሊ ሊትር የተወሰነው ከዚያ ወዲህ ነው። ነገር ግን የአየር ጉዞው ቀለም ከቀይ ወደ ብርቱካናማ ከወረደ በኋላ ሥርዓቱ እስኪሻር ድረስ ከዚያ ዝቅ አላለም። መንገደኛውም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ማለፍ ለመደ። የእረኛውን ልጅና የቀበሮውን ተረት እዚህ አናመጣም፤ ያ ልጅ ሲዋሽ ነበርና፣ እነዚህ ግን አልዋሹም። ችግራቸው ሌላ ነው።

ይህንንም ራሳቸው ሳያስተውሉት አልቀሩም። በሚያዝያ 2003 ዓ.ም. የቀለሙ ሥርዓት ቀርቶ ሌላ ተተካ። አዲሱ ማስጠንቀቂያ የታወቀውን ያህል ስለ አደጋው እንዲናገር፣ ሕዝቡ የሚያደርገውን እንዲያመለክት፣ የሚያበቃበትም ቀን እንዲቈረጥለት ተወሰነ። የመጨረሻው እጅግ ብልህ ሐሳብ ይመስለናል። ማብቂያ የሌለው ማስጠንቀቂያ እንደማያቋርጥ ደወል ነው።

ሥራ ያልተሰጠው ፍርሃት ወዴት እንደሚሮጥ ለማወቅ የሚሻ አንባቢ በነሐሴ 8 ቀን 2008 ዓ.ም. ሌሊት በኒው ዮርክ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ የሆነውን ይመልከት። በዚያች ሰዓት ጃማይካዊው ሯጭ ዩሴን ቦልት በሪዮ ኦሊምፒክ የ100 ሜትሩን ውድድር በ9.81 ሴኮንድ አሸንፎ ነበር። ከመንገደኞች ማስተናገጃ ሕንፃዎች በአንዱ ተኩስ ተሰማ የሚል ጩኸት ተነሣ። ሰዉ ሻንጣውን እየጣለ ሮጠ፤ የሮጠውን ያየ ሌላው ሮጠ፤ ድንጋጤው ወደ ሌላ ሕንፃም ተሻገረ። አውሮፕላን ወደሚቆምበት ሜዳ የወጡ ነበሩ። ፖሊሶች ቢመረምሩ የተተኰሰ ጥይት አልተገኘም። የመጀመሪያው ድምፅ ሩጫውን በቴሌቪዥን የተመለከቱ ሰዎች ለቦልት ያጨበጨቡት ጭብጨባ ሳይሆን እንዳልቀረ በጊዜው ተጽፏል። ያን ሕዝብ ሞኝ ነው ብሎ የሚስቅ ቢኖር እኛ አንስቅም። ዓመታት ሙሉ ፍራ ፍራ ሲባል የኖረ ጆሮ ጭብጨባን ተኩስ ብሎ ቢሰማ አያስደንቅም።

እንዲሁ ተጠራጠር የተባለ ዓይን ደግሞ ከጆሮው ይብሳል። የሚያየው ልብስን፣ ጢምን፣ መልክን ነው። ጥምጥም የጠመጠመውን ቄስ ከሼኩ አይለይም፤ ነጠላ የተከናነበችውንም ሻሽ ካሰረችው አይለይም። ባለቤት የሌለው ሻንጣ ብታዩ ለጥበቃ ንገሩ የሚለው ቃል ግን ዓይንን ከሰው ላይ አንሥቶ በዕቃ ላይ ያኖረዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም።

ነገሩን የውጭ አገር ነገር ብቻ አድርገን እንዳናልፈው ደግሞ የራሳችን ሐዘን አለን። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሦስት ሰዎች ጠለፉት። ፈንጂ ይዘናል ብለው ወደ አውስትራልያ ውሰደን አሉ። ፈንጂ የተባለው የመጠጥ ጠርሙስ እንደ ነበረ በኋላ ታወቀ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እስከዚያ እንደማያደርስ ቢያስረዷቸው አልሰሙም። ነዳጁ አለቀ፤ አውሮፕላኑም በኮሞሮስ ደሴት አጠገብ በባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50ዎቹ ተረፉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ ልባችንን የሚይዘው አንድ ነገር ነው። የሕይወት አድን ጃኬት ከአውሮፕላኑ ከወጡ በኋላ ብቻ የሚነፋ ዕቃ ነው። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎች ግን ገና በውስጥ ሳሉ ነፉት። ውኃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣራው አንሳፈፋቸው፤ ጠልቀው ወደ በሩ መድረስ አልቻሉም፤ ከመውደቁ ተርፈው ሳሉ በዚያው ቀሩ። በእነዚያ ነፍሳት ላይ ማን ሊፈርድ ይችላል? በአራት ሰዓት ጭንቀት ውስጥ ያለፈ ሰው እጁ ወደ ገመዱ ቢሄድ እጃችን ነው የሄደው። ብቻ አንዲት ዓረፍተ ነገር አስቀድማ በልብ ውስጥ ገብታ ቢሆን ኖሮ ብለን እናዝናለን።

ስለዚህ ለአክስታችን የዜናውን ትርጓሜ ትተን ሻንጣቸውን ይዘን ቁጭ አልን። መጀመሪያ ሽሮውንና በርበሬውን ከእጅ ቦርሳቸው አወጣን። እሳቸውም «ሽሮም ፈንጂ ሆነ?» ብለው ተቆጡ። ከሰኔ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከሌላ አገር ወደ አሜሪካ በሚበር አውሮፕላን ውስጥ ከ350 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ዱቄት በእጅ ይዞ መግባት ለተጨማሪ ፍተሻ እንደሚዳርግ፣ ሊከለከልም እንደሚችል፣ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ቢሆን ግን እንደሚሻል ነገርናቸው። የጫማውን ነገር ሲጠይቁን፣ ከፈንጂ ጫማ ሙከራ በኋላ የመጣው ጫማ የማውለቅ ግዴታ በአሜሪካ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. መነሣቱን፣ ነገር ግን ፈታሹ አውልቁ ካላቸው ያለ ክርክር እንዲያወልቁ መከርናቸው። ከማያውቁት ሰው ዕቃ ተቀብለው እንዳይዙ ነገርን። «የአገሬ ልጅ አደራ ቢለኝስ?» አሉ። ይህ ከሁሉ የሚከብድ ነበር፤ እምቢ ማለት ለእናቶቻችን ነውር ነውና። ለአደራው መልስ የምትሆን አንዲት ቃል አስጠናናቸው፤ «ልጄ ዕቃዬን ራሷ ቆልፋዋለች» የምትል። ውሸት እንዳትሆንም ልጃቸው በስልክ እያዘዘች ቁልፉን እኛ ቆለፍነው። ይህን እንደ መቆለፍ ከቆጠሩልን ደግ ነው።

በመጨረሻ የበረራ አስተናጋጆቹ በሩን፣ ቀበቶውንና ጃኬቱን በሚያሳዩበት ጊዜ ዳዊታቸውን ለጥቂት ደቂቃ እንዲያጥፉ ለመንናቸው። «ጸሎት አቋርጥ ትለኛለህ?» አሉን፤ ከመነሣቱ በፊት ይጀምሩት፣ ከተነሣ በኋላ ይጨርሱት፣ በመካከሉ ግን ልጆቹን ይስሟቸው አልን። እንዲያው ዝም አሉን።

ከሁለት ቀን በኋላ ከዋሽንግተን ደወሉ። ሽሮው በደኅና ደርሷል። የልጅ ልጃቸው አልፈራቻቸውም። ስለ ማስጠንቀቂያው አንድም ቃል ሳያነሡ ብዙ አወሩንና ሊዘጉ ሲሉ፣ «ከመቀመጫዬ እስከ በሩ ሰባት ወንበር ነው፤ ቆጠርሁት» አሉን።