ብረቱን ያከበደው ማን ነው?

ጎበዝ! ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ በመኝታ ክፍላችንም፣ በሻይ ቤቱም፣ በዚችው መጽሔት ገጾችም አንድ ክርክር ተነሥቶ አልበርድ ብሏል። ጉዳዩ ሄቪ ሜታል ስለሚባለው ሙዚቃ ነው። አንዱ ወገን «የማሽን ጫጫታ እንጂ ሙዚቃ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩን ቢነቅሉባቸው ምን ይቀራቸዋል?» ይላል። ሌላው ወገን የሙዚቃው ወዳጅ ነኝ ባይ ነው። ይኸው ወዳጅ ባለፈው እትም ላይ የዕቃ ዝርዝር ደርድሮ አስነበበን፤ የጊታሩን ዓይነት፣ የአምፕሊፋየሩን ዋት፣ የመቅጃ ክፍሉን ማይክሮፎን ብዛት። መደምደሚያውም ይህ ሁሉ ሳይሟላ በግቢያችን ሜታል እንጫወታለን ማለት ከንቱ ሕልም ነው የሚል ነበር።

እኔ የምለው፣ እነዚህ ሁለት ወገኖች ለመሆኑ በምን ይለያያሉ? ሁለቱም ድምፁን የሠራው ማሽኑ ነው ብለው ያምናሉ። አንዱ ማሽኑን ይረግመዋል፤ ሌላው ይሰግድለታል። ከማሽኑ ጋር የታገለውን ሰው ግን አንዳቸውም አላዩትም። እስቲ እሱን እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በርሚንግሃም የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ ናት። በ1965 አንድ የ17 ዓመት ልጅ እዚያ ቆርቆሮ በሚሠራበት ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ስሙ ቶኒ አዮሚ ነው። ጊታሩን ይዞ ከባንድ ጋር ሊዞር ሥራውን ለቋል፤ ያቺ ቀን የመጨረሻው ቀን ነበረች። ምሳ በልቶ ላለመመለስ ቢያስብም እናቱ «የጀመርከውን ጨርስ» ብላ መለሰችው። ከሰዓት በኋላ የቀረ ሰው ተክቶ በማያውቀው ማሽን ላይ ቆመ፤ ማሽኑም የቀኝ እጁን የመሐል ጣትና የቀለበት ጣት ጫፎች ቆርጦ ጣላቸው። ቶኒ ግራኝ ነው፤ ክሩን በጊታሩ አንገት ላይ የሚጫነው በቀኝ እጁ ነው። እንግዲህ የተቆረጠው መተዳደሪያው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የዕቃ ዝርዝር ጸሐፊያችን አልነገረንም። የፋብሪካው አለቃ ሊጠይቀው መጥቶ የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አሰማው። ጃንጎ በ1928 በደረሰበት የእሳት አደጋ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ከጥቅም ውጭ ሆነውበት በቀሩት ዓለምን ያስደነቀ ጊታረኛ ነው። ቶኒ ያንን ሰምቶ ተነሣ። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የተሸጠበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ አቀለጠ፤ በጋለ የመበየጃ ብረት ቅርጽ አወጣለት፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፤ እንደ ልብስ ሰፊ የጣት ቆብ አድርጎ በጣቶቹ ላይ አጠለቀው። ፕላስቲኩ ክሩን አልይዝ ሲለው ከአሮጌ ጃኬት ላይ ቆዳ ቆርጦ ለጠፈበት። ወፍራሙን ክር መጫን ሲያቅተው፣ በዚያን ጊዜ ቀጭን የጊታር ክር በሱቅ አልነበረምና፣ የባንጆ ክር ገዝቶ በጊታሩ ላይ ወጠረ። የሄቪ ሜታል የመጀመሪያው መሣሪያ ይኸው ነው ወገኖቼ! የሳሙና ጠርሙስ፣ የጃኬት ቁራጭና የባንጆ ክር። በየትኛው ካታሎግ ይገኛል?

ቀጥለን ወደ መቅጃው ክፍል እንግባ። ቶኒና ሦስት የሠፈሩ ልጆች፣ ድምፃዊው ኦዚ ኦዝቦርን፣ ቤዝ ጊታረኛው ጊዘር በትለርና ድራመኛው ቢል ዋርድ፣ ብላክ ሳባዝ በሚል ስም ጥቅምት 16 ቀን 1969 ለንደን ሪጀንት ሳውንድ ስቱዲዮ ገቡ። አዘጋጁ ሮጀር ቤይን፣ የድምፅ መሐንዲሱ ቶም አሎም ነበሩ። ቴፑ አራት መሥመር ብቻ ነበረው። ምሽት ምሽት በየክበቡ ሲጫወቱት የነበረውን ያንኑ አንድ ላይ ሆነው ተጫወቱት፤ 12 ሰዓት ያህል ፈጀ፤ አለቀ። ዛሬ የሄቪ ሜታል መባቻ የሚባለው፣ በየካቲት 13 ቀን 1970 የወጣው ሸክላ የአንድ ቀን ሥራ ነው። በዚያችው ቀንም ገና አንድ ዘፈን እንደ ቀዱ የቶኒ ስትራቶካስተር ጊታር ፒክአፑ ተበላሸ። በመጠባበቂያነት የያዘውን ጊብሰን ኤስጂ አነሣና ቀጠለ። ዛሬ «የሜታል ጊታር ማለት ኤስጂ ነው» እያሉ የሚምሉ አሉ። የመረጠው ግን ብልሽት ነው!

እንግዲህ «መሣሪያ ምንም አይደለም ልትል ነው?» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም! እንዲህ ያለ ቂልነት ከእኔ አይጠበቅም። መሣሪያው ትልቅ ነገር ነው፤ ጥያቄው ማን ማንን ያዘዋል ነው። ቶኒ የተጠቀመው በዚያው በበርሚንግሃም አካባቢ በ1967 የተቋቋመው ሌኒ የተባለ አነስተኛ ድርጅት የሚሠራውን ባለ ቱቦ አምፕሊፋየር ነው። በፊቱም ሬንጅማስተር የምትባል ትንሽ ሣጥን ሰካበት። ሣጥኒቱ የተሠራችው ቀጭኑን ድምፅ አጉልታ እንድታሰማ ነበር። እሱ ግን አንድ ቴክኒሺያን ውስጧን ካነካካለት በኋላ አምፕሊፋየሩን ከአቅሙ በላይ መጫኛ አደረጋት። ቱቦ ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት የድምፁን ሞገድ አናት ይደፈጥጠዋል፤ ከዚያም በዋናው ድምፅ ላይ ሌሎች ድምፆች ይደረባሉ። ሻካራው፣ ወፍራሙ፣ ደረት የሚመታው ድምፅ ይኸው ነው። በዚህ ሻካራነት ውስጥ ብዙ ድምፅ ያለበት ኮርድ ከመታህ ይደበላለቅና ጭቃ ይሆናል፤ ሁለት ድምፅ ብቻ፣ መነሻውንና አምስተኛውን፣ ከመታህ ግን እንደ ግንብ ይቆማል። እነሆ፣ በሁለት የተቆረጡ ጣቶች ሊያዝ የሚችለውና ለዚህ ድምፅ የሚስማማው አንድ ሆነው ተገኙ።

በ1971 በወጣው «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» በተባለው ሸክላ ላይ ደግሞ በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ክሩን ከመደበኛው ሦስት ግማሽ ድምፅ ወደ ታች አላላው። ክሩ ሲላላ ለታመመ ጣት ይለሰልሳል፤ ድምፁም ይከብዳል። ጊዘርም ቤዙን አብሮ ዝቅ አደረገ። ዛሬ ሺህ ባንድ ክሩን የሚያላላው የዚያን ሰው ጣት ሕመም እየቀዳ ነው።

ይሄ የአንድ ሰው ነገር ነው የሚል ካለ ሌሎቹንም ልቁጠርለት። ሊንክ ሬይ በ1958 የአምፕሊፋየሩን ስፒከር በእርሳስ ወጋው፤ የኪንክሶቹ ዴቭ ዴቪስ በ1964 በምላጭ ተለተለው፤ ሁለቱም ሻካራ ድምፅ ፍለጋ። የበርሚንግሃሞቹ ጁዳስ ፕሪስት በ1980 «ብሪቲሽ ስቲል»ን ሲቀዱ የብረት ሰው ሲራመድ የሚመስል ድምፅ ፈለጉ። በዚያን ጊዜ አዝራር ተጭኖ እንዲህ ያለ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ በእጃቸው አልነበረም። ምን አደረጉ? ሹካና ማንኪያ በትሪ ሞልተው አንቀጫቀጩ! ብርጭቆ ሲሰበር እንዲሰማም የወተት ጠርሙስ ሰባበሩ። አዘጋጃቸው ማን ነበር ብትሉኝ፣ ያው ቶም አሎም ነው። ድምፃዊያቸው ሮብ ሃልፎርድ በልጅነቱ ከብረት ማቅለጫ አጠገብ ይማር እንደነበርና ጢሱና ጩኸቱ እስከ ክፍሉ ይገባ እንደነበር ተናግሯል። እነዚህ ልጆች የማሽን ጫጫታ ያመጡብን ሳይሆኑ፣ የማሽን ጫጫታ የመጣባቸው ናቸው። በዚያ ጫጫታ ውስጥ አድገው ምት ሰጡት፣ ቅኝት ሰጡት። «ጫጫታ ነው» ለሚለው ወገን መልሴ ይኸው ነው።

ሻካራ ድምፅን የሚንቀው ወገን ደግሞ ሩቅ ሳይሄድ በገናን ይስማ። በገና ደርዳሪ በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል ትንሽ ቆዳ ያስገባል፤ እንዝራ ይሏታል። እሷ ከሌለች አውታሩ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ስትገባ ግን ያንን እዝዝዝ የሚል፣ አንጀት የሚያላውስ ድምፅ ይሰጣል። አባቶች ሻካራውን ፈልገው አመጡት እንጂ አልሸሹትም። በገናውና ጊታሩ ዝምድና የላቸውም፤ ዓላማቸውም ለየቅል ነው። ቁራጭ ቆዳ ግን በሁለቱም ዘንድ ሥራ ሠርታለች።

አሁን ደግሞ በሌላ በኩል የሚመጣብኝን አደጋ ልዝጋ። ይህን ታሪክ የሰማ ባለ በጀት ሁሉ «ይኸው! እናንተም በሳሙና ጠርሙስ ተጫወቱ፤ ችግር ብልሃትን ይወልዳል» እንዲለን አልፈልግም። ችግር የቶኒን ጣት ቆረጠ እንጂ ምንም አልወለደም። የወለደው ሰውየው ነው። ያንን ማሽን ማመስገን የሚቃጣው ካለ በመጀመሪያ የራሱን ጣት ያግባበት። ዕቃ ይገዛልን! አዎ፣ እንጠይቅ፤ ደጋግመን እንጠይቅ። ነገር ግን እስኪገዛ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጣችንን ጥበብ አናስመስለው።

ይህን የምለው ያየሁት ነገር ስላለ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ክራሩን ይዞ ወደ ሙዚቃ ክበባችን መጣ። ከአሮጌ ሬዲዮ በፈታው ዕቃ ክራሩን ኤሌክትሪክ አድርጎታል፤ ሲመታው ይጮኻል፣ ያጉረመርማል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። እኛም ተሳሳቅን። አንዱ ባልደረባችን «ይሄ እኮ ዝርዝራችን ውስጥ የለም» አለው። ልጁ ክራሩን በጋቢው ጠቅልሎ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርሁ። ዝርዝሩ እስከ ዛሬ በክበቡ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ አንድም ዕቃ አልተገዛበትም፤ አንድም ዜማ አልወጣውም።

ጁላይ 5 ቀን 2025 አራቱ የብላክ ሳባዝ ልጆች ባደጉበት ሠፈር ባለው በቪላ ፓርክ ስታዲየም ለመጨረሻ ጊዜ አብረው ተጫወቱ። ኦዚ ከጥቂት ቀናት በኋላ አረፈ። ቶኒ ያን ዕለትም በዚያው በጎደለው እጁ ነበር የመታው።

ያ ልጅ ይህን የሚያነብ ከሆነ፣ ክራርህን ይዘህ ና፤ ይቅርታ የሚጠይቅህ ሰው አለ። የዝርዝሩ ጸሐፊ ወንድሜም የሚመልሰው ካለው ይጻፍ፤ ገጹ ክፍት ነው። ብቻ እባክህ፣ በሚቀጥለው ዝርዝርህ ላይ የእጅህን ጣቶችም ጨምራቸው። አሥሩም ካሉህ፣ ቶኒ ከጀመረበት በሁለት ትበልጣለህ።