በቆመች መኪና ውስጥ ስላለ የአይጥ ጎጆ

ስለ ቤት ንጽሕና በተነሣ ቍጥር ሁላችንም የምናስበው ስለ ጓዳውና ስለ ማድ ቤቱ ነው። ዛሬ ግን ከግቢው ጥግ፥ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፥ ለዓመታት ሳትንቀሳቀስ ስለ ቆመችው አሮጌ መኪና ልንነግራችሁ ወደድን። ነገሩ የመካኒክ ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን የጤና ጉዳይ፥ አንዳንድ ጊዜም የሕይወት ጉዳይ ነው።

ክረምቱ ባለፈ በጥቂት ቀን ከአንድ ጎረቤታችን ግቢ ገባን። የቤቱ አባወራ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ቮልስዋገን መኪናቸውም ከዚያን ጊዜ ጀምራ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። አሁን የበኵር ልጃቸው ሊያገባ ነውና፥ «አባታችን ባይኖርም መኪናው ትኑርልን፤ ሙሽራይቱን በእርስዋ እናምጣት» ብሎ ቈረጠ። እኛ ስንደርስ በሮቹ ተከፍተዋል። እርጉዝ የሆነችው ታናሽ እኅቱ መጥረጊያ ይዛ ወደ ውስጥ ጐንበስ ብላለች። በኋላው ወንበር ላይ የተቦጫጨቀ ጨርቅና የወንበር ገለባ እንደ ጎጆ ተከምሮ፥ በዙሪያው ሩዝ የሚያህል ጥቁር የአይጥ ኩስ ተበትኖ አየን።

«ልጄ፥ ቆዪ! መጥረጊያውን አስቀምጪው» አልናት።

እርስዋም ፊደል ያስቈጠርናት ናትና በአክብሮት ቀና ብላ፥ «የኔታ፥ ምን ሆኑ? የአይጥ ኩስ እኮ ነው፤ ጠርጌ እጥለዋለሁ» አለችን።

አደጋው ያለው ግን በዚያው በመጥረጉ ነው። የአይጥ ሽንትና ዓይነ ምድር ሲደርቅ ይደቅቃል፤ መጥረጊያ ሲነካውም ዐይን የማያየው ትቢያ ሆኖ ይነሣል፤ ያም ትቢያ በትንፋሽ ወደ ሳንባ ይገባል። መኪና ደግሞ ጠባብ ናት፤ የሚጠርጋትም ሰው ፊቱን ከትቢያው ጋር አግጥሞ ይሠራል።

የዚህን ነገር ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ከ1951 እስከ 1953 ዓመተ ምሕረት፥ የእኛም የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በዘመቱበት በኮርያ ጦርነት ጊዜ፥ ከተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች መካከል ከ3,000 የሚበልጡት ትኵሳትና መድማት፥ የኵላሊትም ድካም በሚያስከትል በሽታ ተያዙ። መንስኤው ለብዙ ዘመን ተሰውሮ ቈየ። በ1976 ሆ ዋንግ ሊ የተባሉት የኮርያ ሊቅ በሜዳ አይጥ አካል ውስጥ የቫይረሱን ምልክት አገኙ፤ ቫይረሱም በአገሩ ባለው በሐንታን ወንዝ ስም ተጠራ። ዛሬ «ሐንታ» የምንለው የቫይረስ ወገን ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። በ1993 ደግሞ በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ጤነኞች የነበሩ ወጣቶች ትንፋሽ እያጠራቸው በድንገት ሞቱ፤ ቢመረመር ከዚያው ወገን የሆነ፥ የዱር አይጥ የምትሸከመው ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። ይህ የአሜሪካው በሽታ ሳንባቸውን ካጠቃባቸው ሰዎች ከመቶው 38 ያህሉን ይገድላል።

በአገራችንም ሊቃውንት በደጋ ከሚኖር የአይጥ ዘር ላይ የሐንታን ወገን አግኝተው በ2012 «የትግራይ ቫይረስ» ብለው አስታውቀዋል። ይህን ስንል በየቤቱ ያለች አይጥ ሁሉ የአሜሪካውን ሞት ትሸከማለች ማለታችን አይደለም። ነገር ግን አይጥ በሽንትዋ ሌፕቶስፒራ የሚባለውን ተሕዋስ፥ በኩስዋ ሳልሞኔላን፥ በቍንጫዋም ታይፈስን ልታመጣ ትችላለችና፥ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው አስቀድሞ መጠንቀቁ ይሻላል።

እንግዲህ በዚያ ቀን የሠራነውን በተራ እንንገራችሁ።

አስቀድመን እርጉዟንና ልጆቹን ከአካባቢው አራቅናቸው። ከዚያም በሮቹንና መስኮቶቹን፥ የፊተኛውን ዕቃ መጫኛና የኋለኛውን የሞተር ክዳን ሁሉ ከፍተን፥ እኛም ነፋሱ ወደማይነፍስብን ወገን ራቅ ብለን፥ ግማሽ ሰዓት አናፈስናት።

ቀጥሎ ሙሽራው የላስቲክ ጓንት አጠለቀ፤ ኤን 95 የሚባለውንም ጥብቅ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አደረገ። ተራ የጨርቅ መሸፈኛ ደቃቁን ትቢያ አያግድም። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በዚያው ሰዓት በጠበጥን። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ የጽዳት መድኃኒት ጋር መቀላቀል መርዛም ጢስ ያወጣልና ከቶ አይገባም። በጥባጩን በለስላሳው ረጭተን ኩሱንና ጎጆውን እስኪርስ አራስነው፤ በኀይል የሚረጭ ውሃ ግን ያንኑ ትቢያ ያስነሣል። አምስት ደቂቃ ጠብቀን፥ የራሰውን በወረቀት እየለቀምን ከፕላስቲክ ከረጢት ከተትን፤ ከረጢቱንም አሥረን በሁለተኛ ከረጢት ደገምነው። የሞተች አይጥም ብትገኝ እንደዚሁ ይደረጋል።

ለቮልስዋገን ግን የራስዋ የሆነ ጥንቃቄ አለ። የዚህች መኪና ባትሪ ያለው ከኋላው ወንበር ሥር ነው። ስለዚህ ወንበሩ የሚነሣው ላዩ ከራሰና ከጸዳ በኋላ ነው፤ ከሥሩም ሌላ ጎጆ አገኘንና እንደ ገና በጨርቅ አራስነው፤ በባትሪው ላይ ግን አንዳች አላፈሰስንም። ከዚያ በኋላ የባትሪውን ሽቦ፥ ኔጌቲቩን አስቀድመን፥ ፈታን። አይጥ የሽቦን ልባስ ስለምትበላ፥ ባትሪው እንደ ተያያዘ ቢተው እሳት ሊነሣ ይችላል።

ሙሽራው በዚህ ጊዜ ቸኵሎ፥ «አሁንስ ሞተሩን እናስነሣው» አለ። መካኒኩም የኮምፕሬሰር ጐማ ይዞ፥ «እኔ በአየር አራግፈዋለሁ፤ በአምስት ደቂቃ ያልቃል» አለ። ሁለቱንም ከለከልናቸው። የአየር ግፊት ከመጥረጊያው ይልቅ ይከፋል፤ ትቢያውን ለግቢው ሁሉ ያድላል። ሞተሩን ማስነሣቱ ደግሞ ከዚያም የከፋ ነበር። ቮልስዋገን ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በአየር ነው፤ ማራገቢያው የሚገፋው አየር ከፊሉ በጭስ ማውጫው አጠገብ ሞቆ ለተሳፋሪው ሙቀት እንዲሆን ወደ ውስጥ ይገባል። በማራገቢያው ቤት ውስጥ ጎጆ ካለ ሞተሩ አየር አጥቶ ይግላል፤ ሙቀቱም ሲከፈት የደቀቀው ኩስ በተሳፋሪው ፊት ላይ ይነፋል።

መካኒኩ ቅር እያለው፥ ጓንትና መሸፈኛ አድርጎ የማራገቢያውን ቤት ፈታው። ከሲሊንደሮቹ ላይ ሁለት እፍኝ የሚያህል ጭድና ክር ተጠቅጥቆ ተገኘ። ሰውየው ዝም ብሎ አየው፤ ቀጥሎም ኮምፕሬሰሩን ራሱ ጠቅልሎ አስቀመጠ። ያንንም አራስነው፥ ለቀምነው፤ የአየር ማጣሪያውንም ፈትሾ አጸዳው።

ብረቱን በረኪና እንዳይበላው በንጹሕ ውሃ በራሰ ጨርቅ አበስነው። የተበላውን የወንበር ገለባ ጣልነው፤ የቀረውን ጨርቅ በሳሙና አጠብነው። በመጨረሻም ሠራተኞቹ ጓንቱን እጃቸው ላይ እንዳለ በሳሙና አጥበው አወለቁ፤ እጃቸውንም ዳግመኛ ታጠቡ፤ ልብሳቸው በሙቅ ውሃ ታጠበ። መኪናይቱ እንደ ገና የአይጥ ቤት እንዳትሆን፥ እስክሪብቶ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሁሉ እንዲደፈን፥ እህልና የእህል ጆንያም በውስጧ እንዳይቀመጥ፥ ወጥመድም በአጠገቧ እንዲጠመድ መከርናቸው። መርዝ ግን አይጥዋን ከማይደረስበት ጥግ ገብታ እንድትሞት ያደርጋታል፤ ለልጆችም አደጋ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። እንዲህ ያለ ትቢያ የነካው ሰው ከአንድ እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ትኵሳት፥ የጭንና የወገብ ጡንቻ ሕመም፥ ኋላም ሳልና የትንፋሽ ማጠር ቢሰማው፥ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ አይጥ የነበረበትን ቦታ ማጽዳቱንም ሳይጠየቅ ይናገር። ሐኪሙ ይህን ካልሰማ ጉንፋን ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ቮልስዋገኗ ለሠርጉ ቀን አልደረሰችም፤ የተበሉት ሽቦዎች እስኪለወጡ ጊዜ ወሰዱ። ሙሽራይቱም በሌላ መኪና መጣች፤ ሙሽራውም ለጥቂት ቀን አኵርፎን ነበር። ለመልሱ ግን መኪናይቱ ታጥባ፥ ወንበርዋ ታድሶ ወጣች፤ እናትየው ከፊት ተቀመጡ፤ እርጉዟም ልጃቸው ከኋላ፥ ያን ጊዜ መጥረጊያ ይዛ ልትጐነበስበት በነበረው ወንበር ላይ፥ በሰላም ተቀመጠች። እኛም ከደጅ ቆመን ሸኘናቸው።

በግቢያችሁ የቆመች መኪና ያለቻችሁ አንባብያን ሆይ፥ መጥረጊያውን ከማንሣታችሁ በፊት በሮቿን ክፈቱ፤ ከመጥረጋችሁም በፊት አርሱ።