ኤሮኖቲካል ወይስ ኤሮስፔስ? ከስያሜው ባሻገር ያለው የትምህርትና የሥራ እውነታ

አውሮፕላንና ሳተላይት የሚማርኳቸው ወጣቶች የትምህርት መስክ በሚመርጡበት ወቅት ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፤ ኤሮኖቲካል ምህንድስና ይሻላል ወይስ ኤሮስፔስ? ምላሹ ብዙውን ጊዜ በስያሜው ግዝፈት ሲወሰን ይስተዋላል። ህዋን የሚጠራው ስም የላቀ፣ አውሮፕላንን የሚጠራው ደግሞ ያረጀ ተደርጎ ይታያል። ይህ አመለካከት ከትምህርቱም ሆነ ከሥራ ገበያው እውነታ ጋር እምብዛም አይገጥምም።

ኤሮኖቲካል ምህንድስና በከባቢ አየር ውስጥ የሚበርሩ አካላትን ንድፍ፣ ግንባታና ቁጥጥር ያጠናል። ለዚህ ዘርፍ አየር ተሸካሚም ተቃዋሚም ነው፤ ክንፉን የሚያነሳው እርሱ ሲሆን ሞተሩም ነዳጁን የሚያቃጥለው ከአየር በሚያገኘው ኦክስጂን ነው። ኤሮስፔስ የሚለው ሰፊ ስያሜ ግን ይህንኑ ዘርፍ የሮኬትና የሳተላይት ጥናት ከሆነው አስትሮኖቲካል ምህንድስና ጋር አጣምሮ ይይዛል። በህዋ የሚሸከም አየር ባለመኖሩ ሮኬት ለማቃጠያ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ መጓዝ ይኖርበታል። በዝቅተኛ ምህዋር ያለ ሳተላይት በሰከንድ ወደ 7.8 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘ ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ ይመላለሳል፤ ቢበላሽም እንደ አውሮፕላን ወደ ሃንጋር ገብቶ አይጠገንም።

ስያሜው የሰፋው በታሪክ ሂደት ነው። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የኤሮኖቲካል ትምህርት በጀመረበት እ.ኤ.አ. 1914 ስለ ሳተላይት የሚያስተምርበት ምክንያት አልነበረም። ሶቭየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1957 ስፑትኒክን ካመጠቀች በኋላ ግን ሁኔታው ተለወጠ፤ ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ1959 በትምህርት ክፍሉ ስም ላይ አስትሮኖቲክስን ጨመረ። ሒሳብ፣ ሜካኒክስ፣ የፈሳሽና የጋዝ ፍሰት፣ የቁሳቁስ ጥንካሬ እንዲሁም የቁጥጥር ሥርዓት እስከ ዛሬ የሁለቱም መሠረት ናቸው። በመሆኑም አመልካቹ ከክፍሉ ስም ይልቅ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሚሰጡትን የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር ቢመረምር ይበጀዋል።

ኤሮኖቲካልን ያረጀ ዘርፍ አድርጎ መመልከት ምን ያህል ስህተት እንደሆነ ለማስረዳት ለኢትዮጵያውያን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የ157 ሰዎችን ሕይወት በቀጠፈው የበረራ ቁጥር 302 አደጋ፣ በቦይንግ 737 ማክስ ላይ የተገጠመው ኤምካስ የተሰኘ የቁጥጥር ሥርዓት ከአንድ ዳሳሽ የመጣ የተሳሳተ መረጃ ተቀብሎ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፍቷል። ጉዳዩ የክንፍና የሞተር ብቻ ሳይሆን የሶፍትዌር፣ የዳሳሽና የሰው ውሳኔ ግንኙነት ጭምር ነበር። ይህም የዘርፉ ከባድ ጥያቄዎች ገና እንዳልተዘጉ ያሳያል።

በአገር ውስጥ ያለውን የሥራ ዕድል ስንመለከት ሚዛኑ ወደ አውሮፕላኑ ያደላል። በ1938 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከራሱ አልፎ የሌሎች አየር መንገዶችን አውሮፕላኖች ይጠግናል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነጥብ አለ፤ የምህንድስና ዲግሪ ብቻውን አውሮፕላንን ለበረራ ብቁ ነው ብሎ ለመፈረም አያስችልም። ለዚህ ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሚገኝ የጥገና ባለሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ንድፍ የሚያወጣውና ጥገናውን የሚያረጋግጠው ባለሙያ የሚጓዙበት መንገድ የተለያየ ነው።

የህዋው ዘርፍ ገና በጅምር ላይ ይገኛል። የአገሪቱ የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ታህሳስ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀች ሲሆን፣ መቆጣጠሪያ ጣቢያዋ በእንጦጦ ተተክሏል። ከእንዲህ ዓይነቱ ፕሮጀክት የሚገኘው ሥራ በአብዛኛው መረጃ መቀበልና መተንተን በመሆኑ፣ የኤሮስፔስ ምሩቁ ከኤሌክትሪክና ከሶፍትዌር መሐንዲሶች እንዲሁም ከጂኦስፓሻል ባለሙያዎች ጋር ይወዳደራል። በጸሐፊው እምነት ጠበብ ያለው ስያሜ ለጊዜው በአገር ቤት የሰፋውን በር ይከፍታል።

ወደ አሜሪካ ለመሄድ ያሰበ ተማሪም አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው ነገር አለ። በዚያ አገር ሮኬትና በርካታ የህዋ ቴክኖሎጂዎች በጦር መሣሪያና ተዛማጅ ምርቶች የወጪ ንግድ ቁጥጥር ሕግ ሥር ስለሚወድቁ፣ ብዙ ኩባንያዎች ዜግነት ወይም የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ የሌለውን ሰው በእነዚህ ሥራዎች አይቀጥሩም። ክልከላው በመንገደኞች አውሮፕላን ሥራ ላይ ከዚህ በእጅጉ የላላ ነው።