ገመድ የሌላቸው መርከቦቻችን

በአማርኛ ግጥም ውስጥ የሚጓዘው መርከብ አብዛኛውን ጊዜ አንድ መርከብ ነው። ማዕበል ያንገላታዋል፤ ወደብ ይናፍቃል፤ መልሕቁን ይጥላል፣ ወይም መልሕቅ አጥቶ ይባዝናል። ስንት ምሰሶ እንደቆመበት፣ ሸራው ባለ ሦስት ማዕዘን ይሁን ባለ አራት፣ ነፋሱ በየት በኩል እንደመጣበት ግን ገጣሚው አይነግረንም። አንባቢም አይጠይቅም። ይህ ልማድ ቢበቃን ይሻላል ባይ ነኝ። ወደዚህ አሳብ ያደረሰኝ አንድ የወረቀት መርከብ ነው።

ባሕር ማዶ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት አንድ ጠፍጣፋ ፖስታ ላከችልኝ። በውስጡ ቁጥር የተጻፈባቸው ክፍሎች የታተሙባቸው ወፍራም ወረቀቶች ነበሩ። ተቆርጠው፣ ታጥፈውና በኮላ ተጣብቀው ካራቬል የሚባለውን የ15ኛው ክፍለ ዘመን የፖርቱጋል ባለ ሸራ መርከብ ይሆናሉ። በአውሮፓ ይህ የቆየ ሥራ ነው፤ በፖላንድ «ማዊ ሞዴላሽ» የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1957 የተጀመረው እንዲህ ያለ የወረቀት ንድፍ ለማተም ነው። እኔ ግን ገና ጀማሪ ነኝ። ቀን በባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የብር ኖት እቆጥራለሁ፤ ማታ ምላጭና ማስመሪያ አነሣለሁ። ጣቶቼ ከወረቀት ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው፤ እንዲህ ቀስ ብለው ግን ነክተውት አያውቁም።

ሥራው ከአከርካሪው ይጀምራል። ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ አንድ ረጅም ካርቶን አለ፤ በእርሱ ላይ የጎድን አጥንት የሚመስሉ ቁራጮች ተራ በተራ ይሰካሉ። ከዚያ ወለሉ፣ ከዚያም የጎኑ ልባስ ይከተላል። ይህ ሁሉ ትዕግሥት እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። የሚያነጋግረው ገመዱ ነው።

የሸራ መርከብ ገመድ ከሩቅ ሲያዩት ዝም ብሎ የተተበተበ ይመስላል። ቀርበው ሲሠሩት ግን ሁለት ወገን ነው። አንደኛው አይነቃነቅም፤ ምሰሶውን ከግራና ከቀኝ፣ ከፊትና ከኋላ ወጥሮ ያቆመዋል። ሁለተኛው ይሳባል፣ ይለቀቃል፤ ሸራውን ይሰቅላል፣ ያወርዳል፣ ያዞራል። የካራቬል ሸራ በቀይ ባሕር ሳምቡኮች ላይ እንዳለው ባለ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ስለዚህ ነፋስ ከጎን ሲመጣም ይጓዛል። ፊት ለፊት ከሚነፍሰው ጋር ግን በቀጥታ አይጋጠምም። አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እያጠፈ፣ በዚያው በሚቃወመው ነፋስ ኃይል ወደ ነፋሱ ይቀርባል። ገጣሚ ሆኖ ይህን አውቆ እንቅልፍ የሚወስደው ማን ነው?

ታዲያ ለእነዚህ ገመዶች በአማርኛ ስም ፈለግሁ። መርከብ፣ ሸራ፣ መልሕቅ፣ መቅዘፊያ አሉን። ለምሰሶውም «ደቀል» የሚል ውብ ቃል አለን፤ ትንቢተ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 27 ጢሮስን በመርከብ መስሎ ሲያለቅስላት ይገኛል። ገመዱ ግን ሁሉም ያው ገመድ ነው። ከዚህ ጋር ሞፈርና ቀንበርን አስተያዩ። ዕርፍ አለ፣ ድግር አለ፣ ወገል አለ፤ ቀንበሩን ከሞፈሩ የሚያስረው ጠፍር እንኳ «ምራን» የሚል የራሱ ስም አለው። ስለ እርሻ የሚጽፍ ገጣሚ ምራኑ ተበጠሰ ሲል በሬዎቹ ወዴት እንደሚሄዱ፣ ገበሬው ምን እንደሚሆን እናያለን። ስለ መርከብ የሚጽፈው ገመዱ ተበጠሰ ሲል ምን እንደሚወድቅ አናይም።

ይህን የቋንቋ ድህነት አልለውም፤ የባሕር ርቀት ያመጣው ነው። የአዱሊስ ሰዎች ስለ መርከብ ገመድ ሲነጋገሩ ቃል አያጡም ነበር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ካሌብ ጦሩን ቀይ ባሕርን አሻግሯል፤ በዚያው ዘመን የኖረው የቢዛንታይን ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስም የዚያ ባሕር ጀልባዎች ሳንቃቸው በብረት ሚስማር ሳይመታ በገመድ የታሰረ መሆኑን ጽፏል። መርከቡን መርከብ ያደረገው ገመድ ነበር ማለት ነው! በቅርቡ ዘመን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1955 የተቋቋመው ባሕር ኃይላችን አገሪቱ በ1993 ከባሕር በር ከተለየች በኋላ በ1996 ፈረሰ፤ እንደገና የማቋቋሙ ሥራ የተጀመረው ከ2018 ወዲህ ነው። እኛ ሐዋሳዎችም ሐይቅ አለን እንጂ የሸራ ወግ የለንም። የአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪ በመቅዘፊያ ይወጣል፤ በፍቅር ሐይቅ ዳር እንግዳ የሚያንሸራሽረው ጀልባ በሞተር ይሄዳል።

ገመድ ምን ያህል ቁም ነገር እንደሆነ ከእኛው ደንገል የመጣ አንድ ታሪክ ይመሰክራል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 የጥንት ግብፆች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ከጣና ሐይቅ ደንገል አስቆርጦ ወሰደ። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ጀልባ ሠሪዎች በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ «ራ»ን ሠሩለት። በጥንቱ ሥዕል ላይ ወደ ላይ ከተቆለመመው የጀልባው ጅራት እስከ ወለሉ የተወጠረ አንድ ገመድ ይታያል። ጅራቱን አቆልምሞ ለመያዝ ብቻ የታሰረ ስለመሰላቸው፣ ጅራቱ ቅርጹን ሲይዝ ገመዱን አነሡት። ገመዱ ግን እንደ ቀስት ጅማት የኋላውን ወለል ከውሃ በላይ አንሥቶ የሚይዝ ነበር። «ራ» ከሞሮኮ ተነሥታ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከተጓዘች በኋላ ጅራቷ እየሰመጠ ባርባዶስ ሳትደርስ ቀረች። በ1970 ገመዱ ያልተጓደለባት ሁለተኛዋ «ራ» በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች።

«ገጣሚ አናጢ መሆን አለበት እንዴ?» አለኝ አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው። አይደለም። ነገር ግን ሰምና ወርቅ የምንለው ስያሜ ራሱ ከአንጥረኛ ቤት የመጣ ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ ሰሙን ቀርጾ ያበጃል፤ ወርቁ የሚገባው ሰሙ በተወው ቅርጽ ነው። ሰሙ ድቡልቡል ከሆነ ወርቁም ድቡልቡል ይወጣል። መርከብ ብሎ አገርን፣ ማዕበል ብሎ ዘመንን የሚናገር ገጣሚ ወርቁን ይዟል፤ ሰሙን ግን አልቀረጸም። ስለዚህ አገሪቱም በስንኙ ውስጥ ማንኛዋም አገር ትሆናለች። እንዲህ ያለውን ግጥም በመድረክ ሲነበብ እናጨበጭብለታለን፤ በማግሥቱ አንድ ስንኝ ከአእምሯችን አይገኝም።

የእኔ ካራቬል ደቀሎቿ ቆመዋል፤ ሸራዋ ገና ነው። ከጥቁር ክር የምሠራቸው ገመዶች በመመሪያው ላይ ከነቁጥራቸው ተዘርዝረዋል፤ እኔ ግን እያንዳንዱን ሳስር በአማርኛ ልጠራው እፈልጋለሁ። በባሕር ዳርና በጎርጎራ የምትኖሩ የብዕር ወዳጆች፣ ታንኳ ሠሪዎቹ ደንገሉን የሚጠፍሩበትን ገመድ፣ ወደ ላይ የሚቆለመመውን አፍንጫዋን፣ ቀዛፊው የሚቀመጥበትን ስፍራ ምን ብለው እንደሚጠሩ ሄዳችሁ ጠይቁልኝ። የዝዋይ ደሴቶች ሽማግሌዎችም የሚነግሯችሁ ይኖራቸዋል። የምትሰሙትን ቃል እንደ ሰማችሁት ጻፉት፤ አታሳምሩት።